እናቴን ለማምጣት የጎደለችው ፊርማ

ከእንጅባራ በወጣሁበት ዋዜማ ማታ እናቴ አላለቀሰችም። ይህን የምጽፈው ለእውነቱ ስል ነው። የስደት ታሪክ የሚጽፍ ሁሉ እናቱን በር ላይ አቁሞ ያስለቅሳል፤ የኔዋ ግን ሻንጣዬን ወለሉ ላይ ዘርግፋ በመጽሐፎቼ ቦታ ድንች ለማስገባት ትታገል ነበር።

«እማ፣ ድንች ይዞ አውሮፕላን አይገባም።»

«ለምን? ይፈነዳል እንዴ?»

«እዚያም ድንች አለ።»

«መኖሩንማ ማን ካደ። ማን እንደዘራው ታውቂያለሽ?»

ወንድሜ ታደለ የባጃጁን ቁልፍ በጣቱ እያሽከረከረ በሩ ላይ ቆሞ ይስቃል። «ተያት እማ፣ ጋዜጠኛ ናት። ድንቹንም ምንጭህ ማን ነው ብላ ትጠይቀዋለች» አለ። ሊነጋጋ ሲል በዝናብ ውስጥ መናኸሪያ ያደረሰኝ እሱ ነው። ድንቹም በሹራብ ተጠቅልሎ ኖርዌይ ድረስ አብሮኝ ሄደ። የጉምሩክ ሰውየው አውጥቶ አገላብጦ አየው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ድንች።»

«ለምን ይዘሽ መጣሽ?»

«እናቴ ናት ያስያዘችኝ።»

ሰውየው የገባው ይመስል ራሱን ነቀነቀና ድንቹን ከቅርጫቱ ጣለው። በዚያ አገር «እናቴ» የሚለው መልስ በማንኛውም መስኮት በቂ ማብራሪያ እንደማይሆን ያን ዕለት መረዳት ነበረብኝ። አልተረዳሁም፤ ገና እንግዳ ነበርኩ።

ታደለን ወንድሜ ማለቴን ልብ በሉልኝ። እናቴ አልወለደችውም። የጎረቤታችን ሴት እሱን ወልዳ ከአራስ አልጋዋ ሳትነሳ ሞተች። እናቴ ያኔ እኔን ታጠባ ስለነበር ሕፃኑን አምጥተው በግራ ጡቷ አስያዟት፤ ቀኙ ለኔ ቀረ። አባትየው ብዙም ሳይቆይ ወደ መተከል ወርዶ ሌላ ትዳር መሠረተ። እኛ ዘንድ እንዲህ ያለው ነገር ጉርብትና ወይም በጎ አድራጎት አይባልም። ሽማግሌዎች ተቀምጠው፣ ጡቷ ማር ተቀብቶ፣ እናቴ «ልጄ ነው፤ ብክደው የጠባው ወተት ይፍረድብኝ» ብላ ምላ ነው የተቀበለችው። ከዚያ ወዲያ «የወለድሽው ስንቱን ነው?» ብሎ የሚጠይቅ የለም፤ የሚጠይቅ ቢገኝ ነውረኛ ነው። ልጅ ስንት አለሽ ሲሏት «ሁለት» ትላለች፤ በዚህም ነገሩ ያልቃል። ኖርዌይ እስክትጠይቃት ድረስ ማለቴ ነው።

የመጣሁት ለአጭር የጋዜጠኝነት ሥልጠና ነበር። ሥልጠናው አለቀ፣ እኔ አልተመለስኩም። ምክንያቱን በዚያ ሰሞን በክልላችን ዜና ይሠራ የነበረ ሰው ያውቀዋል፤ ዜና ላልሠራ ሰው ደግሞ በአንድ አንቀጽ አይነገርም። ያረፍኩት በርገን በምትባል የባሕር ዳርቻ ከተማ ነው። ተራራዋ፣ ጭጋጓና ዝናቧ የእንጅባራን ይመስላል። ልዩነቱ፣ የእንጅባራ ዝናብ መስከረም ሲጠባ ያፍራል፤ የበርገን ዝናብ ግን እፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። ቡናማ አይብ አላቸው፤ ብሩኖስት ይሉታል። ሲያዩት የልብስ ሳሙና፣ ሲቀምሱት ከረሜላ ነው። እንጅባራ ላይ ከቤቴ እስከ መናኸሪያ ለመድረስ የሰላምታው ጊዜ ከመንገዱ ይበልጥ ነበር። እዚህ ጎረቤቴ ደረጃው ላይ እንዳንገናኝ በበሩ ቀዳዳ አጮልቆ፣ ማለፌን አረጋግጦ ይወጣል። ክፉ ሰው እንዳይመስላችሁ። አንድ ጊዜ በረዶ ላይ ስወድቅ አንስቶኛል፤ ካነሳኝ በኋላ ግን ይቅርታ ጠየቀኝ።

እናቴን ለማምጣት የቆረጥኩት ቤት ቤት ስላለኝ ብቻ አይደለም። ኔትወርክ ጠፍቶ ነው። በአገራችን ነገሩ በከፋበት ጊዜ የእንጅባራ ስልክ ለሳምንታት ዝም አለ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰውን ወሬ ሳጣራ የኖርኩ ሰው የገዛ እናቴን በሕይወት መኖር ማጣራት አቃተኝ። መስመሩ ሲመለስ «አለሁ፤ ምን ይነካኛል፤ ጉልበቴ ብቻ ነው» አለች። ጉልበቷ ብቻ አልነበረም። ታደለ በኋላ እንደነገረኝ ለውኃ ወጥታ አዳልጧት ወድቃ፣ መንገድ ተዘግቶ ስለነበር ሐኪም ያየችው ዘግይታ ነው። የዚያኑ ሳምንት ቋሚ የመኖሪያ ፈቃዴን ይዤ፣ ወላጅን ስለማስመጣት መረጃ ወደሚሰጠው ቢሮ ደወልኩ።

ኖርዌይኛ አነጋገር ላይ «እርስዎ» የሚባል ነገር ቀርቷል። ሽማግሌው፣ ዳኛው፣ የሰው እናት፣ ሁሉም «አንቺ» እና «አንተ» ናቸው።

«እናትሽ ከስልሳ በላይ ናት?» አለችኝ በስልኩ ወዲያ ያለችው ሴት።

«ናቸው።»

«ባል አላት?»

«ሞቷል።»

«እዚያ አገር ሌላ ልጅ፣ የልጅ ልጅ፣ ወላጅ?»

«በእናንተ ሕግ አቆጣጠር፣ የለም።»

«ጥሩ!» አለች።

ብዙ ለቅሶ ቤት ሄጃለሁ። አንዲት ሴት ባልም፣ ወላጅም፣ ጧሪም የላትም ሲባል «ጥሩ!» ብሎ የመለሰ ሰው ግን ከዚያ በፊት አልገጠመኝም።

«አሁን ወዳንቺ ገቢ እንምጣ። ምን ትሠሪያለሽ?»

«ለጋዜጦች እጽፋለሁ፤ ፍርድ ቤት አስተረጉማለሁ።»

«ቋሚ ገቢ ነው?»

«ወንጀሉ ቋሚ ነው፤ ክሱ ነው የሚቆራረጠው።»

አልሳቀችም። ቀጣሪ ያለው፣ በየወሩ የሚገባ፣ ወደፊትም የሚቀጥል ደመወዝ እንደሚያስፈልግ በትዕግሥት አስረዳችኝ። ባለፈው ዓመት የነበረኝን ማሳየት አለብኝ፤ የሚመጣው ዓመትም እንደሚኖረኝ ማሳመን አለብኝ። እናቴ እዚህ መጥታ የመንግሥትን እጅ እንዳታይ ነው። እናቴ የመንግሥትን እጅ አይታ እንደማታውቅ ልነግራት ፈልጌ ተውኩት፤ ለዚያ የሚሆን ሳጥን ቅጹ ላይ የለም።

ስለዚህ ብዕሬን አስቀምጬ ሲከየም ገባሁ። ሲከየም ራሳቸውን መርዳት ያቃታቸው አዛውንት የሚኖሩበት ቤት ነው። ገላ አጥባለሁ፣ አለብሳለሁ፣ አጎርሳለሁ። የራሴን እናት ለመጦር ብቁ መሆኔ የሚረጋገጠው የሌላ ሰው እናት ስጦር ነው። ስላቁ ለማንም ግልጽ ነው፤ ለደመወዝ ክፍሉ ብቻ አልታየውም። ለፍትሕ ሲባል መጻፍ ያለብኝ ነገር አለ፦ «ፈረንጅ ወላጁን ጥሎ ይሄዳል» የሚለው የኛ ሰው ወሬ ልክ አይደለም። በየቀኑ የሚመጡ ልጆች ነበሩ። አንዱ፣ ራሱ የሸመገለ ልጅ፣ ማንንም ለማታውቅ እናቱ የኳስ ውጤት ያነብላት ነበር። እሷም ለተሸነፈው ቡድን ሁሉ ታዝናለች። እኔ ደግሞ ከአልጋዋ ማዶ አንሶላ እያጠፍኩ፣ ይህን ሰውዬ «እናትህን ለማየት ገቢህ ስንት ነው?» ብሎ የጠየቀው አለመኖሩን አስባለሁ። ዓመቱን ሙሉ አንድ ቀን አልቀረሁም። ጉንፋን እንኳ ሲይዘኝ መታመም የተፈቀደልኝ አይመስለኝም ነበር።

ቀጥሎ የቤቱ ነገር መጣ። አከራዬ ኦላቭ ይባላል፤ ጡረታ የወጣ መርከበኛ ነው፤ ምድር ቤቱን አከራይቶኝ እሱ ከላይ ይኖራል። እናቴ አብራኝ እንድትኖር መፍቀዱን ጽፎ እንዲሰጠኝ ለመንኩት።

«እስከ መቼ ነው የምትቀመጠው?»

«እስክትሞት።»

አሰበ። «ውሉ እኮ ለመልቀቅ የሦስት ወር ማስጠንቀቂያ ይላል።»

«እነግራታለሁ።»

«ድምፅ ታበዛለች?»

«ሲነጋ ትጸልያለች።»

«ጮክ ብላ?»

«እንደ ኃጢአታችን ብዛት ነው።»

«ብዙ ኃጢአት አለባችሁ?»

«ኪራይ ከጨመርክ ይጨምራል።»

ከት ብሎ ሳቀና ጻፈልኝ። ማመልከቻውን ሞልቼ አስገባሁ፤ ከወራት በኋላ ከቢሮው የመጣው ደብዳቤ «ገቢሽ መስፈርቱን ያሟላል» ይላል። አገር ቤት ሳለሁ ለዘገባዎቼ የተሰጡኝን የምስክር ወረቀቶች ሰቅዬ አላውቅም፤ ይህን ግን ማቀዝቀዣው ላይ ለጠፍኩት። ለእናቴም በስልክ አነበብኩላት፤ ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «ሰው ታኖራለች ብሎ መንግሥት መሰከረልሽ በይኛ!» አለችና እልል አለች። በነጋታው ለማኅበሯ ሴቶች ሁሉ ነግራለች።

የቀረው አዲስ አበባ ሄዳ ቃለ መጠይቅ መስጠት ነበር። ጥያቄ ማቅረብ ሙያዬ ነውና አለማመድኳት።

«ስለ ልጅ ሲጠይቁሽ፣ የወለድሽውን ነው የሚጠይቁሽ።»

«እሺ።»

«የወለድሽው ብቻ፣ እማ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ።»

የናቴ «እሺ» ሰማሁ ማለት ነው እንጂ ተስማማሁ ማለት እንዳልሆነ እያወቅሁ በ«እሺ»ዋ ተኛሁ። ሌላ ባለ ታሪክ እንዲህ ቢለኝ «አረጋግጠሃል?» ብዬ አፋጥጬ እይዘው ነበር።

መንገዱ በተከፈተ ሳምንት ታደለ ባጃጁን ለጓደኛው አደራ ሰጥቶ ይዟት ተነሣ። በዳንግላ ሲያልፉ መኪናውን አስቁማ ማር ገዛች። ባዶ እጅ ሰው ቤት አይኬድማ። ከባሕር ዳር በአውሮፕላን አዲስ አበባ ገቡ። በቀጠሮው ጠዋት የኖርዌይ ኤምባሲ ጥበቃ በሩ ላይ አስቆማት።

«እማማ፣ ማር ይዞ አይገባም።»

«ለማን መሰለህ? ለሰውየው ነው። ይቅመሰውና ካልጣመው ይመልስልኛል።»

«እማማ፣ ሰውየው መቀበል አይችልም።»

«እጁን ምን ነካው?»

በመጨረሻ ታደለ ማሩን ተቀብሎ ደጅ ቀረ፤ እሷ ገባች። ውስጥ የሆነውን የምጽፈው ከሦስት ምንጭ ነው፦ ከተላከልኝ የቃለ መጠይቁ ቅጂ፣ ከናቴ፣ እና እናቴ ወጥታ ገና ትኩሱን ከነገረችው ከታደለ። ሦስቱ በሁለት ነገር ይለያያሉ፤ እነሱንም እነግራችኋለሁ።

ጠያቂው በእንግሊዝኛ ይጠይቃል፣ አንድ ወጣት ወደ አማርኛ ይመልሳል።

«እዚህ አገር የሚጦርዎት ሰው አለ?»

«እኔን? ልጄ፣ እኔ ገና ጧሪ ነኝ። በሰንበት የደጀ ሰላሙን ድሃ ማን የሚያበላ መሰለህ?»

አስተርጓሚው የአገር ልጅ ነው፤ ምን ዓይነት መስኮት ላይ እንደተቀመጠች ገብቶታል። ቅጂው ላይ «የሚረዳኝ የለም» ተብሎ ሰፍሯል። እግዜር ይስጠው። ቀጣዩን ግን ሊያድናት አልቻለም፤ ቁጥር ነበርና።

«ስንት ልጆች አሉዎት?»

«ሁለት።»

«ሁለት?»

«ሁለት። አንዷ እናንተ አገር ናት። አንዱ ደጅ ቆሟል፤ ማር ይዞ።»

«ልጅዎ የሞላችው ማመልከቻ ግን አንድ ይላል።»

«እሷ ጋዜጠኛ ናት፤ ነገር ታሳጥራለች።»

«ወንዱን የወለዱት እርስዎ ነዎት?»

ምንጮቼ ለሁለተኛ ጊዜ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። እናቴ ሆዷ ሲቃጠል አማርኛዋን ትታ ወደ አገውኛዋ ትገባለች። ቅጂው «አመልካቿ በሌላ ቋንቋ መለሱ፤ አልተተረጎመም» ይላል። ታደለ «ሰድባቸዋለች» ባይ ነው። እሷን ራሷን ጠየቅኳት። «ለአማርኛ የሚመች ነገር አይደለም» ብላ ዘጋችኝ።

ብዙ ሳይቆይ ደብዳቤ መጣ። ትሕትናው ያስቀናል። የኔ ገቢ ላይ ጥያቄ የለም፤ እንዲያውም አመስግነውኛል። ይሁን እንጂ በማመልከቻው እና በአመልካቿ ቃል መካከል ልዩነት ታይቷል። አመልካቿ ደጅ ቆሞ የነበረው ሰው ልጃቸው አለመሆኑን ራሳቸው ጽፈው ይፈርሙ፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ካልደረሰ ጉዳዩ ባለበት ይወሰናል። ለዚያች ሴት እንደገና ደወልኩ።

«አልወለድኩትም ብትልስ? እውነትም አልወለደችውም።»

«አይበቃም። በጉዲፈቻ ሊሆን ይችላል። ልጄ አይደለም ማለት አለባት።»

«ጉዲፈቻ አይደለም። ጡቷ ማር ተቀብቶ ጠብቶ ነው።»

ስትጽፍ የኮምፒዩተሩ ቁልፍ ይሰማኛል። «ማር?» አለች።

«ማር።»

«ፍርድ ቤት አጽድቆታል?»

«ሽማግሌዎች።»

«ለዚህ የሚሆን ምድብ የለንም» አለችኝ፤ እውነቱን ለመናገር ያዘነች ትመስል ነበር።

ከናቴ በፊት የሰማው ታደለ ነው፤ ደብዳቤውን በስልክ የላክሁት ለሱ ነበርና። ሳልነግረው ቀበሌ ሄዶ፣ ተመላልሶ፣ የማን ልጅ እንደሆነ የሚገልጽ ማስረጃ አወጣ።

«እህቴ፣ ወረቀቱ ወጥቷል» አለኝ። «የወለደችኝ ሴት ስም አለበት። ስሟ ተጽፎ ሳይ ይሄ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ታዴ…»

«ተይ አንቺ፣ እንዳታለቅሺብኝ። ስሚኝ፤ ወረቀት ላይ ልጇ አልሁን። እኔ ምን እቀንሳለሁ? እማ ብቻ ትፈርም። እዚህ መብራት የለም፣ ሐኪም የለም፣ ተኩስ በሰማን ቁጥር ይህችን አሮጊት ተሸክሜ የት እንደምገባ አላውቅም። ጀርባዬም ተማሯል፤ ከብዳለች እኮ!»

ሳቅን። ከዚያ እኔ ሥራዬን ሠራሁ። በዕድሜዬ ከጻፍኳቸው ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ አጭሩን ጻፍኩ፦ ታደለ ልጄ አይደለም። ስም፣ ቀን፣ ፊርማ። እንዲያትመው ላክሁለት፤ እሑድ ከቅዳሴ መልስ ደወልኩ።

ታደለ ስልኩን ድምፅ ማጉያ ላይ አድርጎ አጠገቧ አስቀመጠላት።

«እማ፣ ታደለ ነገረሽ?»

«ነገረኝ። አንቺ ደግሞ አንብቢልኝ።»

አነበብኩላት።

«ይኼው ነው?»

«ይኼው ነው።»

«አሁን ምን እያደረገ እንደሆነ ታውቂያለሽ? እግሬን እያጠበኝ ነው። ጎንበስ ማለት አቅቶኝ እሱ ነው የሚያጥበኝ። እጁ እግሬ ላይ ሆኖ፣ እኔ ወረቀት ይዤ ልጄ አይደለም ብዬ ልፈርም?»

«ፈርሚ እማ፣ አልቀየምም» የሚል የታደለ ድምፅ ተሰማ።

«አንተ ዝም ብለህ እጠብ!»

«እማ፣ ወረቀት እኮ ነው» አልኩ።

«ያንቺስ ደመወዝ ወረቀት አልነበረም? ለሱ ስትይ ዓመት ሙሉ የሰው ገላ ስታጥቢ ከረምሽ። ወረቀት ቀልድ ከሆነ ለምን ደከምሽ?»

ልጠይቀው ያላሰብኩት ጥያቄ አመለጠኝ።

«እኔስ? እኔስ ልጅሽ አይደለሁም?»



«ነሽ እንጂ» አለች። «አንዱን ካጂ ግድ ካሉኝ ግን የምክደው አንቺን ነው። አንቺን መንግሥት ራሷን ችላለች፣ ሰውም ታኖራለች ብሎ በማኅተም መስክሮልሻል። ለዚህ ማን መሰከረለት? እኔ ብቻ ነኝ።»

ከመስኮቱ ውጭ ያ እፍረት የሌለው ዝናብ ይወርዳል። ኦላቭ ከላይ ወንበር ይጎትታል።

«እና አትመጪም ማለት ነው?»

«አልመጣም የሚል ወጣኝ? እኔ ያልኩት ሁለት ልጆች አሉኝ ነው። ሁለት ልጆች ያሏትን ሴት የሚቀበል አገር ካለ ፈልጊልኝ፤ ነገ እነሣለሁ።»

«እፈልጋለሁ» አልኳት።

ውኃው ሲንቧቧ ይሰማኛል፤ ከዚያም የታደለ ድምፅ ከወደ ታች፣ «እማ፣ ሌላኛውን እግርሽን» ሲላት።